ጆንያ ሙሉ ገል

ባለፈው ቅዳሜ እኛ የጥንት ቅርስ ወዳጆች ደሴ ላይ ተሰብስበን፣ ያገኙትን ባለበት ስለመተው ያወራሁትን "ጻፈው እንጂ" ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ አንዱ ልጅ በስልኩ ከቀዳው ላይ እየሰማሁ ነው የገለበጥኩት፣ ስለዚህ የወሬ ጠባዩ አልለቀቀውም፣ ቅር አይበላችሁ። ቡናው የመጣበትንና ማይኩ የጠፋበትን ቦታ ዘልዬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም። እስኪ ከወሬው በፊት ይሄን ጆንያ እዩልኝ። ከቤት ይዤው ስወጣ ባለቤቴ ዛሬስ ሊጥልልኝ ነው ብላ ፊቷ በርቶ ነበር፣ እኔም አልነገርኳትም። ውስጡ ገል ነው። የእንስራ ስባሪ፣ የድስት ስባሪ፣ የምጣድ ስባሪ፣ ጥቂት ባልጩት፣ ሁለት የወፍጮ መጅ፣ አንዲት ቀይ የድንጋይ ዶቃ። ሁሉንም የለቀምኩት እኔ ነኝ። ጀማሪ አስተማሪ ሆኜ ገጠር ተመድቤ ሳለ ቅዳሜና እሁድ መሄጃ ስለሌለኝ ጋራ ለጋራ እዞር ነበር፣ የታረሰ ማሳ ላይ ገል ባየሁ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ማንሳት ነው፣ ኪሴ ሲሞላ በነጠላ፣ ነጠላው ሲሞላ በማዳበሪያ ከረጢት፣ እንዲህ እያልኩ ሶስት አመት ሙሉ ሰበሰብኩ፣ በዚህም እንደ ትልቅ ነገር እኮራ ነበር።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ አርኪዮሎጂ የተማረ ወጣት በእንግድነት ቤቴ መጣ። ቡና እስኪፈላ ብዬ ጆንያውን ፊቱ ዘረገፍኩለት። ልጁ አንዷን አነሳ፣ አገላበጣት፣ በአውራ ጣቱ ዳበሳት፣ "ጋሼ ይቺ ከየት ናት?" አለኝ። ከማዶው ጋራ መሰለኝ አልኩት። "ይቺስ?" እሷም... ወይ ከጋራው ወይ ከወንዙ ዳር። ሶስተኛዋን አንስቶ ሊጠይቀኝ ሲል ፊቴን አየና ተወው። ከዚያ እያንዳንዷን እንደ እንቁላል እየያዘ ወደ ጆንያው መልሶ ከተተልኝ። ተሳድቦ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ገል ብቻውን አያወራም። ከስሩ ከሰል ቢኖር፣ ከጎኑ የተቃጠለ እህል ወይ የከብት አጥንት ቢኖር፣ ከላዩ አመድ ተኝቶበት ቢሆን ያኔ ነው የሚያወራው። ከሰሉ ውስጥ ካርቦን 14 የሚሉት አለ፣ ዛፉ በህይወት እያለ ከአየር ይወስደዋል፣ ከሞተ በኋላ ግን እየተመናመነ በ5730 አመት ግማሹ ይሄዳል፣ ስለዚህ የቀረውን ለክተው እንጨቱ የቱን ያህል ዘመን እንደሆነው ይናገራሉ። ከከሰሉ ጋር አብሮ የተኛው ገል እድሜውን ይጋራል። የኔ ገሎች ግን ከማንም ጋር አይጋሩም፣ ወላጅ የላቸውም፣ ሰብስቤ ያቆየኋቸው መስሎኝ አድራሻቸውን ነው ያጠፋሁት።

እኔ እንግዲህ አማተር ነኝ፣ እናንተም አብዛኞቻችሁ እንደኔ ናችሁ፣ አስተማሪ አለ፣ ልማት ሰራተኛ አለ፣ ፎቶ አንሺ አለ፣ እዚያ ጥግ የተቀመጡት እናት ደግሞ ሸክላ ሰሪ ናቸው (ከሁላችንም ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ በኋላ እመለስበታለሁ)። አማተር ማለት ግን መናቂያ ስም አይደለም። እንግሊዝ አገር የየክፍለ ሀገሩ የአርኪዮሎጂ ማህበር የተቋቋመው በእንዲህ አይነት ሰው ነው፣ የሰሴክሱ ለምሳሌ ከ1846 ጀምሮ አለ። እና ከነሱ መሃል ባሲል ብራውን የሚባል ሰው ነበር። ትምህርቱን በ12 አመቱ ያቋረጠ፣ ገበሬ የነበረ፣ ኢንሹራንስ ሻጭም የነበረ፣ በራሱ አንብቦ የተማረ ሰው ነው። በ1938 እኤአ ሳተን ሁ በሚባል ቦታ ያለውን የአፈር ጉብታ እንዲቆፍርላት የመሬቱ ባለቤት ወይዘሮ ኢዲት ፕሪቲ ቀጠረችው። በ1939 ትልቁን ጉብታ ሲቆፍር አንድ የዛገ የብረት ምስማር አገኘ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ፣ በመስመር።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ነቅዬ ጆንያ ውስጥ ነዋ! እሱ ግን አልነቀለም። እያንዳንዱን ባለበት ትቶ አፈሩን ብቻ በቀስታ እየጠረገ መስመሩን ተከተለ። እንጨቱ በስብሶ አልቋል፣ አሸዋው ላይ ጥላው ብቻ ነው የቀረው፣ ምስማሮቹ ግን በየቦታቸው ስለነበሩ 27 ሜትር ያህል የሚሆን የመርከብ ቅርጽ ወጣ። ከ1300 አመት በላይ የሆነው የመርከብ መቃብር። ምስማሮቹ ቢነቀሉ ኖሮ የቀረው አንድ ባልዲ ዝገት ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። "አርኪዮሎጂስት" የሚል ሹመት ይዞ ወሎን የረገጠ የመጀመሪያው ሰው ማን ይመስላችኋል? ቢያንስ እኔ ከሱ የቀደመ አላገኘሁም። ሪቻርድ ሆምስ ይባላል፣ ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከነናፒየር ጦር ጋር መቅደላ የወጣው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 አጼ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በሰዉ እለት ወታደሩ አምባውን ሲያጋብስ ሆምስ ከአንድ ወታደር እጅ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ በ4 ፓውንድ ገዛ። አራት! ቴዎድሮስ ለመድኃኔዓለም ብለው የሰበሰቡት መጽሐፍ፣ መስቀል፣ ጽላት ተጋዘ፣ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ ነው የተጫነው፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሀራጅ ተባለበት፣ ወደ 350 የሚሆን የብራና መጽሐፍ ብቻ ለሙዚየሙ ገባ። እንግዲህ በ12 አመቱ ትምህርት ያቋረጠው ምስማር አልነቀለም፣ የሙዚየሙ ባለሙያ ደግሞ ከዘራፊ እጅ ገዛ። ስለዚህ ዲግሪ የሌላችሁ ሰዎች አትፈሩ፣ ዲግሪ ያላችሁ ደግሞ አትኩሩብን።

ብቻ ከዚያ ዝርፊያ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጽዋው ላይ በግእዝ ተጽፎበታል፣ ኢያሱ ከእናታቸው ከምንትዋብ ጋር ለቁስቋም የሰጡት መሆኑን ይናገራል። ለንደን ቁምሳጥን ውስጥ ሆኖም የጎንደር ነኝ ይላል። የኛ አባቶች ይሄን ያውቁበት ነበር። ሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ፣ በኛ አቆጣጠር 1273 አካባቢ የተጻፈ፣ ማን እንደሰጠው ለየትኛው ገዳም እንደሰጠው እዚያው ላይ አለ። በየመጽሐፉ ደግሞ ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ ተብሎ የሚጀምር ግዝት ታገኛላችሁ። የሰረቀውን ብቻ እኮ አይደለም የሚያወግዘው፣ የፋቀውንም ነው! ዕቃውን ሳይነካ ጽሑፉን ብቻ የፋቀ ሰው ከሌባ እኩል ተገዝቷል። እኔ ይሄን ያስተዋልኩት ከጆንያዬ በኋላ ነው፣ ሰው ነገር የሚገባው ሲያመው ነው መቼም።

ገል ላይ ግን ጽሑፍ የለም። የገል ጽሑፉ የተኛበት አፈር ነው። አፈር ደግሞ እንዴት እንደሚነበብ ማየት ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ፣ ሐይቅ ውረዱ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዓሳ እየበላን ፎቶ የምንነሳበት ውሃ ስር ጭቃ አለ፣ በየአመቱ ንፋስና ጎርፍ ያመጣው እየተደራረበ የተቀመጠ። ተመራማሪዎች፣ ከነሱም መሃል የኛው ፕሮፌሰር መሐመድ ዑመር፣ ከሐይቅና ከጎረቤቱ ከሐርዲቦ ሐይቅ ስር ጭቃውን በቱቦ አውጥተው ውስጡ ያለውን የአበባ ብናኝ ቆጠሩ፣ የየዛፉ ብናኝ ስለሚለያይ በየዘመኑ ምን ይበቅል እንደነበር ያስታውቃል። በ2003 እኤአ ነው ያሳተሙት። እና ምን አገኙ መሰላችሁ፣ የዛሬ 2500 አመት ገደማ እዚህ ዝግባና ጥድ ነበር፣ ከዚያ ተመነጠረ፣ ክትክታና ሳር ሆነ፣ እንዲሁ 1800 አመት ያህል ቆየ። ከዚያ፣ ይሄ ነው የሚገርመው፣ ከ1400 እስከ 1700 እኤአ ባለው ጥድና ወይራ ተመልሶ መጣ! ደን ተመልሶ መጣ! ከዚያ በኋላ እንደገና ተጨፈጨፈ፣ ይሄን የኋለኛውን እኛው እናውቀዋለን። አያቶቻችን ወሎ ድሮ ጫካ ነበር ሲሉ ሰምተን የለ? እውነታቸውን ነው፣ ግን "ድሮ" አንድ አይደለም፣ ሁለት ሶስት ድሮ አለ። እና ጭቃውን አንዱ በማንኪያ አማስሎት ቢሆን ይሄ ሁሉ አይነበብም ነበር፣ ስርና ላዩ ሳይደባለቅ ስለተቀመጠ ነው።

ላሊበላም እንደዚያው ነው። 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ሁላችንም አይተናል፣ ጎብኚውም ቀና ብሎ ነው የሚያያቸው። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች፣ ፎቬልና ጓደኞቹ፣ ጎንበስ አሉ። አለቱ ሲፈለፈል የወጣው ድንጋይና አፈር የት ገባ? ብለው ጠየቁ። ቀላል ጥያቄ ናት፣ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ሁሉ የሚያውቃት። ዙሪያውን ያለው ጉብታ ጉብታ ብቻ አይደለም፣ ከፍልፈሉ የወጣ ክምር ነው፣ ክምር ደግሞ ንብርብር ስላለው ማን ከማን እንደቀደመ ይናገራል። በዚያ ላይ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን አስታውሱ፣ መግቢያው ገደል አፋፍ ላይ ነው፣ በድልድይ ነው የሚገባው፣ ሰው በር ገደል ላይ አይሰራም፣ መሬቱ ኋላ ስለወረደ ነው ይላሉ። ስለዚህ ስራው አንድ ጊዜ ተጀምሮ አንድ ጊዜ ያለቀ ሳይሆን በየደረጃው የተፈለፈለ ነው ብለው በ2010 እኤአ ጻፉ። መላእክት ሌሊት ሌሊት አግዘዋል የሚለውን እኔ አልነካም፣ መልአክም ቢሆን የፈለፈለውን አፈር የሆነ ቦታ መድፋቱ አይቀርም።

(እዚህ ጋ ሳቅ ነበር፣ አንድ መርጌታ ግን አልሳቁም፣ በኋላ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።)

የሉሲን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ ብዬ ነው የዘለልኩት፣ አንዷ ተማሪ ግን ለምን ወሎ አትላትም ብላኛለች፣ እውነቷን ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ድንቅነሽ ስትገኝ ሀዳር በወቅቱ አከላለል ወሎ ውስጥ ነበር፣ ዛሬ አፋር ነው፣ ቅርሱም ክብሩም የአፋር ነው። እኔ እሱን ቀን ሳስብ የሚመጣብኝ ሌላ ነው፣ የ66ቱ ረሃብ ሬሳ ገና አፈሩ ሳይጠጥርበት የ3.2 ሚሊዮን አመቷ አጥንት በአለም ዜና ወጣች። ይሄን አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ። የእኛ ስብስብ ስም የለውም፣ ማህተም የለውም፣ አንድ መስሪያ ቤት ሄደን ስንጠይቅ መጀመሪያ ማህተም አምጡ ተባልን፣ ማህተም ለማስቀረጽ ስንሄድ ደብዳቤ አምጡ ተባልን፣ ተውነው። ደብተር ግን አለን። የምንሰራው ይሄው ነው፣ ቅዳሜ በእግር እንወጣለን፣ ያየነውን ባለበት ፎቶ እናነሳለን፣ ልኩ እንዲታወቅ ከጎኑ እስክሪብቶ እናስቀምጣለን፣ በስልክ ጂፒኤሱን እንይዛለን፣ የቦታውን ስም የአካባቢውን ሰው ጠይቀን እንጽፋለን፣ ከዚያ ባለበት ትተነው እንመለሳለን። አለቀ። አንቆፍርም፣ አናነሳም።

አሰልቺ ነው አይደል? አንዳንዱ ልጅ አንዴ መጥቶ ቀርቷል፣ ወርቅ የምናወጣ መስሎት። ወርቅ ካነሳን አይቀር፣ እነዚያ ወርቅ የሚያሳይ ማሽን ይዘው ጣሊያን የቀበረው እያሉ የሰው መቃብር የሚያርሱትን እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። እስካሁን አንድም የከበረ አላየሁም፣ የፈረሰ መቃብር ግን በአይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ከወርቅ ፈላጊው የባሰ የሚያስፈራኝ ግን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ጥር ነው። ጥር ላይ የተፋሰስ ዘመቻ አለ፣ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ እርከን ይሰራል፣ ጥሩ ስራ ነው፣ መሬቱ የቀረልን በሱ ነው። እርከን ግን ድንጋይ ይፈልጋል፣ ድንጋይ ደግሞ ቀድሞ ተሰብስቦ የሚገኘው የት ነው? ክምር ላይ። ክምሩ ደግሞ አንዳንዴ መቃብር ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሻይ ባህል የሚሉት አለ፣ በሻይ ወንዝ የተሰየመ፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ክርስቲያንም ሙስሊምም ሳይሆኑ ሙታናቸውን ትልልቅ የድንጋይ ክምር ስር ከሸክላና ከመስተዋት ዶቃ ጋር ይቀብሩ የነበሩ ሰዎች። ዶቃው ከባህር ማዶ በንግድ የመጣ ነው። ያንን ሁሉ ያወቅነው ክምሩ ሳይፈርስ ስለቆየ ነው። ወሎ ውስጥ ስንት ክምር በጥር ወር እርከን ሆኖ እንደቀረ ማን ቆጥሮት።

አንዱን ግን አስቆምን፣ እሱን ልተርክላችሁ። ልማት ሰራተኛው የኛ ሰው ስለሆነ ደወለልኝ። ስንደርስ ወንዱ በዶማ፣ ሴቱ በቃሬዛ ድንጋይ እያመላለሰ ነው፣ ከክምሩ አንድ ጎን ወገብ ድረስ ተነስቷል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ ሁሉም አያ ነው የሚላቸው፣ ክምሩ ላይ ተቀምጠው ምርኩዛቸውን አጋድመው አልነሳም ብለዋል። ሊቀ መንበሩ "አያ ይነሱ እንጂ ስራ ፈታን" ይላል። እሳቸው "የኔ ልጅ፣ አባቴ በዚህ ሲያልፍ አንድ ጠጠር ጥሎ ነበር የሚያልፍ፣ እኔ ጣይ እንጂ አንሺ አይደለሁም" አሉት። ማን እንደተቀበረበት ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ወላሂ አላውቅም፣ አለማወቄ ነው የሚያስፈራኝ" አሉኝ። ሊቀ መንበሩም ክፉ ሰው አይደለም፣ ኮታ አለበት፣ ይሄን ያህል ሜትር ተብሎ። ቁጭ ብለን ተነጋገርን፣ እርከኑ መስመሩን ሳይለቅ ክምሩን አለፍ ብሎ እንዲቀጥል ሆነ፣ ድንጋዩም ከወንዙ ዳር መጣ። የተነሳው ጎን ስር የወጣች አንዲት ገል ነበረች፣ ውስጧ ላይ የሰሪዋ አራት የጣት ፈለግ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ የዳበሰችበት። እጄ በላኝ ብላችሁ ታምናላችሁ? ፎቶ አነሳን፣ እስክሪብቶ አስቀመጥን፣ ጻፍን፣ በዚያው አፈር መልሰን ሸፈንናት።

ፎቶውን እኚህ ሸክላ ሰሪዋ እናታችን አዩት። ምን አሉ፣ "ግራኝ ናት" አሉ። እንዴት አወቁ እማማ ብንላቸው ጣቶቹ የሄዱበትን አቅጣጫ በእጃቸው አሳዩን፣ በቀኝ ከተሰራ ወዲህ ነው የሚጋደመው፣ ይሄ ወዲያ ነው። ትክክል ይሁን አይሁን በባለሙያ ገና አልታየም፣ ግን እኛ ደብተር ላይ "እንዲህ ተብሏል" ብለን ጽፈናል። አሁን ያቺን ገል ነቅዬ ቤቴ ወስጄ ቢሆን ስንተኛዋ ገል እንደሆነች እንኳ ጠፍቶኝ ነበር።

ከጥያቄዎቹ አንዱን ብቻ ላንሳ፣ ረጅም ስለተከራከርንበት። አንድ ወጣት ተነስቶ "ታዲያ ባለበት ትተነው በማግስቱ ሌላው ቢወስደውስ? ሙዚየም ብንወስደው አይሻልም?" አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የደሴ ሙዚየም ራሱ በጦርነቱ ጊዜ እንደተዘረፈ ሁላችን እናውቃለን፣ ሙዚየም ገባ ማለት ዳነ ማለት እንዳልሆነ ከኛ በላይ ማን ያውቃል። እዚያ የነበሩ ዕቃዎች ግን ፎቶና ዝርዝር ያላቸው ነገ ገበያ ላይ ቢወጡ "የኛ ነው" ማለት ይቻላል፣ የሌላቸው ማለት አይቻልም። የአዋጅ 209/1992ም ነገር አለ፣ መንገድ ሲሰራ ይሁን ቤት ሲቆፈር በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ባለበት ጠብቆ ወዲያው ማሳወቅ አለበት ይላል፣ ቁፋሮ ደግሞ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። እኔ ግን ለልጁ የመለስኩለት በአዋጅ አይደለም፣ ጆንያውን ገልብጬ ነው፣ "በል ከነዚህ ውስጥ አንዷን ሙዚየም ውሰድና አስመዝግብ" አልኩት። ቅጹ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው የተገኘበት ቦታ ነው። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን "የጠፋ ከሚቀር ያለ አድራሻም ቢሆን ይሻላል" አለ፣ ከግማሽ በላይ አጨበጨበለት፣ እኔም እስካሁን ሙሉ በሙሉ አላሸነፍኩትም። ጎርፍ ሊወስደው የደረሰ ነገር ሲሆን እሱ ልክ ነው፣ ያኔም ግን መጀመሪያ ፎቶ፣ መጀመሪያ ደብተር።

ገንዘብ ያላችሁም አትረሱ። አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወዳጆች ማህበር ከ1960ዎቹ ጀምሮ እያዋጣ ከአገር ሊወጣ የነበረ ስዕልና መስቀል እየገዛ ለተቋሙ ሙዚየም ሲሰጥ ኖሯል። እኛ እዚያ አልደረስንም፣ ለጊዜው የቸገረን ለፎቶው ማስቀመጫ ሃርድ ዲስክ ነው፣ ሁለት ቢሆን ደግሞ አንዱ ደሴ አንዱ ሌላ ከተማ ይቀመጣል፣ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ጆንያውን ምን አደረግከው ላላችሁኝ፣ ቤት አልተመለሰም። ሸክላ ሰሪዋ እናታችን ወስደውታል፣ ለልጆቹ የእንስራ አፍ የቱ፣ የድስት ቂጥ የቱ፣ በደንብ የተተኮሰ የቱ እያሉ ሊያስተምሩበት። ባለቤቴ ምርቃት ልካላቸዋለች። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 12፡30 ሰኞ ገበያ እንገናኝ፣ ወደ ኩታበር በኩል ነው፣ ጫማችሁ የማያዳልጥ ይሁን፣ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ፣ ከረጢት የያዘ አይመጣም።